ቀዳዳው ስለገጠመ ካምቢዮው ገጠመ አይባልም፦ ስለ ትናንሽ አውሮፕላን ሞተሮች ለተጻፈው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ አዲስ አበባ ያለ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ይሄን ያንብቡልኝና እውነት ከሆነ ይንገሩኝ፤ ገንዘቤን ላወጣ ነው» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ትንሽ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው ለሚሠሩ ወጣቶች አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ሐሳባቸውም ወጪ መቀነስ ነው። በዚህ አልጣላቸውም። ነገር ግን ምክራቸው እንዳለ ከተወሰደ አየር ላይ የሚሰበር ነገር አለ፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጽሑፉን ነጥቦች ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚናገሩት ኦስትሪያ፣ ጉንስኪርኸን ውስጥ ሲሠሩ ስለኖሩት የሮታክስ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ነው፤ በተለይ ስለ 447፣ 503 እና 582። እሳቸው እንደሚሉት ሁሉም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ስለሆኑ የአንዱ ካምቢዮ ለሌላው ይሆናል። ካምቢዮዎቹ የሚጠሩባቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ የሚባሉት ፊደሎች የተሠሩበትን ዘመን እንጂ የሥራ ልዩነት አያሳዩም። የማርሹ ምጥጥን ከተቀራረበ ፕሮፔለሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ሲ ውስጥ ያለው ጎማ ለምቾት የገባ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ምጥጥኑ ካልጨመረ ሞተሩ ዙሩን አይሞላም። በቺንጋ የሚሠራ መቀነሻ ያለው ሰው እሱን አውጥቶ ካምቢዮ መግጠም ይችላል። ዘይቱ ደግሞ የተገኘው ይበቃል።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ካምቢዮ ስል የመኪናውን አታስቡ፤ እዚህ የሚቀያየር ማርሽ የለም። ክራንክ ሻፍቱ በኩል ትንሽ ማርሽ፣ ፕሮፔለሩ በኩል ትልቅ ማርሽ፣ ሁለቱም በአንድ የአሉሚኒየም ቤት ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ይዞራሉ። እነዚህ ሞተሮች ጉልበታቸውን የሚሰጡት በደቂቃ ወደ 6,500 ዙር ሲደርሱ ነው። ፕሮፔለር ግን በዚያ ፍጥነት ቢዞር የምላጩ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፤ ጩኸት ብቻ ይተርፋል እንጂ አይስብም። ስለዚህ ካምቢዮው ዙሩን ወደ 3,250 ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል፤ በዚያው ልክ የመጠምዘዝ ጉልበቱን ያበዛዋል። ምጥጥን የሚባለው ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ክራንኩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። 582ን ብንወስድ ክራንኩ ላይ ያለው 75 ኒውተን ሜትር በ2.58 ሲባዛ ፕሮፔለሩ ላይ ከ190 ይበልጣል፤ በ4 ሲባዛ 300 ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ፤ ካምቢዮ ሁሉ ለሞተር ሁሉ ይሆናል ወደሚለው። ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት ፕሮፔለሩ የሚታሰርበትን ሳህን ነው። ቢም ሆነ ሲ፣ ኢም ቢሆን ስድስት ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን በ75 ሚሊሜትር ክብ ላይ ይቀበላል። ይህ ልክ ነው፤ እኔም በእጄ ለክቼዋለሁ። ግን ይህ የካምቢዮው ፊት ነው። ጥያቄው ያለው ጀርባው ላይ፣ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል ነው። ሮታክስ በየጊዜው የሞተሩን ቤት ቀይሯል፤ በዚያ በኩል ያለው የቡሎን ቀዳዳ አቀማመጥ በቀድሞዎቹና በኋለኞቹ ሞተሮች አንድ አይደለም። በሙያው ያሉ ሰዎች የኋለኛውን ቤት «ፕሮቪዥን 8» ይሉታል። ሲ እና ኢ የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው። 503 የሚል ሳህን የተለጠፈባቸው ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ ሲ ካምቢዮ ሊቀበል ሌላው ላይቀበል ይችላል፤ ከውጭ ሲታዩ ግን መንታ ናቸው። ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ የሞተሩን ቁጥር እንጂ የቤቱን ፊት አይጠይቅም። ሂርትን የመሰሉ ሌሎች አምራቾች ደግሞ የራሳቸው ካምቢዮ አላቸው፤ የሮታክሱ ዝም ብሎ እነሱ ላይ ይገጥማል ብሎ መገመት አይገባም።

ይህ የቀዳዳ ጉዳይ ግን ቀላሉ ነው። ቀዳዳው ካልገጠመ ሰው ያቆማል፤ ማንም አይጎዳም። አደገኛው ቀዳዳው ሲገጥም ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ፊደሎቹ የዘመን ምልክት ናቸው የሚለው ነው። ኤ የቀድሞው መሆኑና ቢ የተካው መሆኑ እውነት ነው። ከቢ ወደ ሲ ያለው ግን የዘመን ልዩነት አይደለም፤ ሁለቱ ለዓመታት ጎን ለጎን ተሸጠዋል፣ አምራቹም ለ447፣ ለ503ና ለ582 ቢ፣ ሲ፣ ኢ ብሎ አማራጭ አቅርቧል። ቢ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ክብደቱ ወደ 4.5 ኪሎ ይጠጋል። ሲ ወደ 8 ኪሎ ነው። ኢ ደግሞ በአሠራሩ የሲ ወንድም ሆኖ ሞተሪኖው እዚያው ካምቢዮው ላይ የተሠራለት ነው፤ በዚህም የተነሣ ይበልጥ ይከብዳል። ምጥጥናቸውም ይለያያል። ቢ የሚገኘው በ2.00፣ በ2.24 እና በ2.58 ሲሆን፣ ሲ እና ኢ በ2.62፣ በ3.00፣ በ3.47 እና በ4.00 ይገኛሉ።

ትልቁ ልዩነት ግን ከሚዛኑም ከምጥጥኑም አይደለም። የቢና የሲ ልዩነት ምን ያህል ከባድ ፕሮፔለር ይችላሉ የሚለው ነው። ከባድ ስል የኪሎ ነገር ብቻ አይደለም። የሚዞር ዕቃ ዙሩን ቀይር ሲባል እምቢታ ያሳያል፤ እምቢታው የሚለካው በክብደቱና ክብደቱ ከመሐል ምን ያህል በራቀበት ነው፤ ኢነርሻ የሚባለው ይህ ነው። አምራቹ በመመሪያው ለቢ ያስቀመጠው ገደብ 3,000 ኪሎግራም ስኩዌር ሴንቲሜትር ነው፤ ለሲ እና ለኢ 6,000። እጥፍ ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ቁጥር አንድም ቦታ አላነሱትም። እኔ ስለ ካምቢዮ አንድ ቁጥር ብቻ ንገር ብባል ከምጥጥኑ በፊት የምናገረው እሱን ነው።

ለምን እንደዚያ ሆነ? ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈነዳል። በ6,500 ዙር ሲሄድ በሰከንድ ከሁለት መቶ በላይ ፍንዳታ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ፍንዳታ ክራንኩ ወደፊት ይፈነጠራል፣ በመሐሉ ይዘገያል። ፕሮፔለሩ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ባንድ ልክ መዞር ነው የሚፈልገው። አንዱ ይንጠራራል፣ አንዱ አልነቃነቅም ይላል፤ በመሐል የሚቀጠቀጡት ጥርሶቹ ናቸው። ዙሩ ዝቅ ሲል ደግሞ ይብሳል፤ ፍንዳታዎቹ ይራራቃሉ፣ ክራንኩም በመሐላቸው ይበልጥ ይዋዥቃል። እነዚህን ሞተሮች ከ2,000 ዙር በታች ቆመው ሲንተከተኩ የሰማ ሰው የሚያውቀው ያ የብረት ኳኳታ ይህ ነው፤ ጥርስ ጥርስን ሲደልቅ።

ቢ ይህን ድብደባ የሚያለዝበው ጥርስ ባለው መቆለፊያና በሳህን ሞላዎች ነው። መቆለፊያው ፊቱ ተዳፋት ስለሆነ ግፊት ሲበዛበት በመጠኑ ይንሸራተትና ሞላዎቹን ይጨምቃል፤ ሞላዎቹ መልሰው ይገፉታል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን አቅሙ ውስን ነው፤ ሞላዎቹም ከጊዜ ብዛት ይደክማሉ። ሲ እና ኢ ውስጥ ግን በክራንኩና በትንሹ ማርሽ መካከል ወፍራም የጎማ መጋጠሚያ አለ። ክራንኩ ሲፈነጠር ጎማው ይጠመዘዝለታል፤ ማርሹ ዘንድ የሚደርሰው ድብደባ ሳይሆን ግፊት ይሆናል። ስለዚህ ጎማው ለምቾት የገባ ነው የሚለው አራተኛው ነጥባቸው ከሥሩ ስህተት ነው። አብራሪው የሚሰማው ንዝረት መቀነሱ ትርፍ ነው። ጎማው የገባው ማርሹን ሊያድን ነው። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምይዘው ጸሐፊው ቀጥለው ጎማው ከተበላ በብረት ማጋጠሚያ ሊተካ እንደሚችል ስለጠቆሙ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጎማውን አውጥቶ ብረት ያስገባ ሰው የሲን ካምቢዮ ከቢ ያነሰ አድርጎታል፤ ቢ ቢያንስ በሞላዎቹ ልክ የተወሰነለት ቀላል ፕሮፔለር ነው የሚሸከመው።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ አብሮኝ የሚበር አንድ ልጅ አለ፤ ባለ ሁለት ካርቡሬተር 503 ከነቢ ካምቢዮው ገዛ፤ ምጥጥኑ 2.58። ሻጩ በዚያው ቀን ባለ ሦስት ምላጭ ፕሮፔለር በቅናሽ ጨመረለት፤ በፊት 582 ላይ፣ ሲ ካምቢዮ ጋር ሲሠራ የነበረ ነው። ሳህኑ ገጠመ፣ ስድስቱም ቡሎን ሳይታገል ገባ። ልጁ ደስ አለው። ሠላሳ ሰዓት ያህል ከበረረ በኋላ ዘይት ሊቀይር መጣ። የማፍሰሻውን ቡሎን ስናወጣ ማግኔቱ ፂም አብቅሏል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ግራጫ ቅባት መታየቱ ያለ ነገር ነው፤ ይህ ግን በጣት ሲያሹት የሚቧጭር፣ ብርሃን ላይ የሚያብለጨልጭ ስንጥርጣሪ ነበር። ቤቱን ከፈትነው። የመቆለፊያው ጥርሶች ፊት ወፍጮ ድንጋይ ይመስል ተወቅሯል፤ ጠርዛቸው ተድጦ ብረቱ ወደ ጎን ፈሷል። ልጁ ቁርጥራጩን በመዳፉ ይዞ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ ቀዳዳው ገጥሞ የለ እንዴ!» አለኝ። ያቺን ቃል ነው ርዕስ ያደረግኳት።

ያን ማታ ፕሮፔለሩን ፈታንና ጋራዡ ጣሪያ ላይ ሰቀልነው። ይህን ዘዴ ማንም ሊሠራው ስለሚችል በዝርዝር ልጻፈው። ፕሮፔለሩን አግድም፣ መሐሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በቀጫጭን ገመድ ትሰቅላላችሁ፤ ባለ ሁለት ምላጭ ከሆነ በሁለት ገመድ፣ ባለ ሦስት ከሆነ በሦስት። ገመዶቹ እኩል ረዝመው፣ ከመሐሉ እኩል ርቀው፣ ቀጥ ብለው ይውረዱ። ከዚያ ፕሮፔለሩን በመሐሉ ዙሪያ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ትለቁታላችሁ፤ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፤ ሄዶ መመለሱ አንድ ውዝዋዜ ነው። የአሥር ውዝዋዜ ጊዜ ለክታችሁ ለአሥር ታካፍላላችሁ። ሂሳቡ ይኸውላችሁ፦ ክብደቱን በ9.81 አባዙ፣ ውጤቱን በርቀቱ ስኩዌር አባዙ፣ እሱን በአንዱ ውዝዋዜ ጊዜ ስኩዌር አባዙ፤ የደረሳችሁበትን ለ39.5 እና ለገመዱ ርዝመት ብዜት አካፍሉ። ክብደት በኪሎ፣ ርዝመትና ርቀት በሜትር፣ ጊዜ በሰከንድ ይሁን።

የእኛ ፕሮፔለር 3.5 ኪሎ መዘነ። ገመዱ 2 ሜትር፣ ከመሐል ያለው ርቀት 20 ሴንቲሜትር፣ አሥሩ ውዝዋዜ 49 ሰከንድ ከጥቂት። ሂሳቡ 0.42 ሰጠን፤ በ10,000 አባዝተን ወደ አምራቹ መለኪያ ስናመጣው 4,200 ገደማ። ለሲ ሰፊ ቦታ የሚተርፈው ነው፤ ለቢ ግን ከገደቡ በ1,200 አልፏል። ፕሮፔለሩ እንከን አልነበረበትም፣ ካምቢዮውም አዲስ ባይሆን ደህና ነበር። ሁለቱ ናቸው ያልተገናኙት።

አሁን በጸሐፊው ዘንድ እውነቱ የሚበዛበትን ነጥብ ላንሳ። በ2.58ና በ2.62 መካከል ያለው የዙር ልዩነት ኢምንት ነው ብለዋል። ልክ ነው። ሞተሩ በ6,500 ሲዞር አንዱ ፕሮፔለሩን 2,519 ጊዜ፣ ሌላው 2,481 ጊዜ ያዞረዋል፤ ሠላሳ ስምንት ዙር ማንም አይሰማውም፣ የምላጩ ማዕዘንም ይህን ያህል አይለወጥም። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ተነሥተው ስለዚህ ፕሮፔለሩን ማዛወር ይቻላል ሲሉ ነው። 2.58 የቢ ቁጥር ነው፣ 2.62 የሲ። በቁጥር ጎረቤት ናቸው፤ በአቅም ግን አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ከቢ ወደ ሲ ማዛወር ይቻላል፤ ከሲ ወደ ቢ ግን ሳይለኩ አይሞከርም። የእኛ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ምጥጥኑ በእርግጥ ሲራራቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በ2.58 ሲሠራ የነበረን ፕሮፔለር ሳይነኩት 3.47 ላይ ብታስሩት፣ ሞተሩ 6,500 ሲደርስ እሱ የሚዞረው 1,873 ጊዜ ነው። ፕሮፔለር የሚበላው ጉልበት በዙሩ ሦስተኛ ኃይል ስለሚሄድ፣ በዚያ ዙር የሚበላው ከቀድሞው ከመቶ እጅ አርባ አንድ ያህሉን ብቻ ነው። ሞተሩ የሚይዘው አጣ ማለት ነው፤ ጋዙን ሙሉ ስትከፍቱ ከተፈቀደለት 6,800 አልፎ ይሮጣል። አውሮፕላኑም አይጎተትም፣ ሞተሩም ይጎዳል። ትልቅ ምጥጥን ትልቅ ፕሮፔለር ይጠይቃል፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ነው የሚገዙት።

ይህ ወደ ከፍታው ነጥብ ያገባኛል፤ ለአገራችን ሰው የሚቀርበውም እሱ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በመደበኛው ሠንጠረዥ የባሕር ዳርቻውን ከመቶ እጅ ሰባ ዘጠኝ ያህል ነው፤ በሞቃት ቀን ከዚያም ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል፤ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው 582 ወደ 50 ይጠጋል። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ሞተሩ ዙሩን ስለማይሞላ ምጥጥኑ ይጨመር ይላሉ። ነገር ግን የሳሳው አየር ለፕሮፔለሩም ነው የሳሳው። ሞተሩ አንድ አምስተኛ ጉልበት ሲያጣ፣ ፕሮፔለሩም በዚያው ዙር አንድ አምስተኛ ያህል ሸክም ይቀንሳል። ሁለቱ አብረው ስለሚወርዱ ዙሩ ብዙም አይለወጥም። ሞተሩ አዲስ አበባ ላይ ዙሩን ካልሞላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቡሬተሩ ነው፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሞተሩ ይታፈናል። መድኃኒቱ ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ፣ ለከፍታው ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጣልቃ ላስገባ። ለአዲስ አበባ የቀነሰ ጄት ይዞ ወደ አዋሽ ሸለቆ የወረደ ሰው በተቃራኒው ቤንዚን ያንሰዋል፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቅባቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል።

ትልቅ ምጥጥን ለከፍታ ምንም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ረጅም ፕሮፔለር ቀስ ብሎ ሲዞር ካጭሩና ከፈጣኑ የተሻለ ይስባል፤ ሜዳው ከፍ ባለበት ቦታ ለመነሣት ያ ያግዛል። ጸሐፊው ምክንያቱን ይህ ነው ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር። ግን እስቲ ከመጀመሪያው ነጥባቸው ጋር አያይዙት። ቢ ከ2.58 በላይ የለውም፤ ምጥጥን ጨምሩ ማለት ሲ ወይም ኢ ግዙ ማለት ነው፤ ያ ከሆነ ካምቢዮ ሁሉ አንድ ነው የሚለው የት ደረሰ? ፕሮፔለሩ ደግሞ ሲረዝም እምቢታው በጣም ነው የሚያሻቅበው። ቅርጹ ሳይለወጥ በሁሉም በኩል አንድ አሥረኛ ቢያድግ ኢነርሻው ከመቶ እጅ ስድሳ ያህል ይጨምራል። በባሕር ዳርቻ ለቢ ሲበቃ የነበረ ፕሮፔለር ለከፍታ ተብሎ ትንሽ ሲረዝም ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል። አየሩ ሳሳ ተብሎ የጥርሱ ገደብ አይላላም።

ሲ ለሁሉም ይሻላል የሚል መደምደሚያ እንዳትይዙብኝ። በአሜሪካ ያለ ፈቃድ የሚበረረው የአልትራላይት ክፍል ባዶ ክብደቱ ከ254 ፓውንድ፣ ማለትም ከ115 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ለዚያ ሰው ከቢ ወደ ሲ ሲዛወር የሚጨመረው ሦስት ኪሎ ተኩል ብዙ ነው። ሞተሩ ከኋላ የተሰቀለበት አውሮፕላን ላይ ደግሞ ይህ ክብደት ጭራው ዘንድ ነው የሚያርፈው፤ ሚዛኑ እንደገና ይሰላል። ቀላል የእንጨት ፕሮፔለር፣ ባለ ሁለት ምላጭ፣ 447 ላይ፤ ለዚህ ቢ የሚበቃ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛው ነው። ጸሐፊው ቢን ማድነቃቸው አልከፋኝም፤ የከፋኝ ወሰኑን አለመናገራቸው ነው።

የቺንጋውን ጉዳይ በአጭሩ። ቺንጋ መቀነሻ ፕሮፔለሩን ክራንኩ በሚዞርበት አቅጣጫ ያዞረዋል። አንድ ጥንድ ማርሽ ግን አቅጣጫውን ይገለብጣል። ቺንጋውን አውጥቶ ካምቢዮ ያስገባ ሰው ፕሮፔለሩ ወደ ግራ መዞር ሲገባው ወደ ቀኝ ይዞርበታል፤ ፊቱን አዙሮ ቢያስረውም አይድንም፣ የምላጩ ጠመዝማዛ እንደ ቡሎን ጥርስ ስለሆነ ከየትም በኩል ቢያዩት ያው ነው። ፕሮፔለሩ ይቀየራል። ይህ ወጪ በጽሑፋቸው ሂሳብ ውስጥ የለም።

ዘይቱም እንዲሁ የተገኘው አይደለም። አምራቹ የሚጠይቀው የማርሽ ዘይት ነው፤ ጂኤል 5 ወይም ጂኤል 6 ደረጃ፣ ውፍረቱ 140 ወይም 85 ደብልዩ 140። ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለውን የሞተር ዘይት እዚያ ማፍሰስ ጥርሶቹን ራቁታቸውን ማስቀረት ነው። መጀመሪያ በ10 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። ካምቢዮው ፕሮፔለሩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሆኖ ሊታሰር ይችላል፤ ሲገለበጥ ግን የመተንፈሻው ቡሎንና የዘይቱ ልክ የሚታይበት ቡሎን ቦታ አብረው ይለዋወጣሉ። ካልተለዋወጡ ወይ ዘይቱ በመተንፈሻው ይወጣል፣ ወይ ሳይሞላ ሞላ ይባላል።

የላከልኝ ልጅ ሆይ፣ የምትገዛው 503 ውጭ አገር ካለ ዘመድህ ጋር ነው ብለኸኛል። ገንዘቡን ከመላክህ በፊት ሦስት ነገር አስደርግ። አንደኛ፣ ካምቢዮው ተፈትቶ የሞተሩ ቤት ፊት፣ ቀዳዳዎቹ እየታዩ ፎቶ ይነሣ። ሁለተኛ፣ ማብሪያው ጠፍቶ፣ ካንዴላዎቹ ተነቅለው፣ ክራንኩና ፕሮፔለሩ ላይ በኖራ ምልክት ይደረግ፤ ፕሮፔለሩ በእጅ ቀስ እየተባለ አሥር ሙሉ ዙር ሲዞር ክራንኩ ስንት እንደዞረ ይቆጠር። ሃያ ስድስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው 2.58 ነው፤ ሃያ ስድስትን ጥቂት ካለፈ 2.62፤ ሠላሳ ከሆነ 3.00። ሻጩ ቢ ነው ቢልህና ቁጥሩ ሠላሳ ቢመጣ ወይ አያውቀውም ወይ አልነገረህም። ሦስተኛ፣ ፕሮፔለሩ ይመዘን፣ በገመድም ይሰቀል። ክብደቱን፣ የገመዱን ርዝመት፣ ከመሐል ያለውን ርቀትና የአሥሩን ውዝዋዜ ጊዜ ጽፈህ ላክልኝ፤ ሂሳቡን በዚያው ምሽት ሠርቼ እመልስልሃለሁ።